አቶ ደምሴ ሰኞ ዕለት ያልተናገሩት

ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቤት አልነበረም። ይህን የምለው ልኮራ ፈልጌ አይደለም። ኩራቴ የት እንዳደረሰኝ ልነግራችሁ ስለተነሳሁ ከእሱ ብጀምር ይሻላል ብዬ ነው።

በላይ እባላለሁ። ዙሪክ የገባሁት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው፤ አሁን የቀረችኝን ቆጥቤ ነው የማበጥራት። ኦርሊኮን በሚገኝ የማሽን ፋብሪካ ብረት ስቀርጽ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ፋብሪካው ዛሬ መኖሪያ ቤትና ቢሮ ሆኗል። እኔ ቆሜ በሠራሁበት ቦታ ላይ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሰላጣ ይበላሉ። እኛ ያኔ እንኳን ሰላጣ፣ ቁራሽ ዳቦም ማሽን አጠገብ መብላት አይፈቀድልንም ነበር። አንድ ጊዜ ረስቼ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ስገምጥ አለቃችን ከእጄ ነጥቆ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተውና፣ የብረት ብናኝ ሳንባህ ሲገባ አይነግርህም፣ ሆድህ ሲገባም አይነግርህም ብሎ ጮኸብኝ። ያን ቀን በጣም ተቀይሜው ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲኮራረፉ፣ ልጅ ሲዳር፣ "ጋሽ በላይን ጥሩ" ይባላል። ሙሉ ልብሴን እለብሳለሁ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ባቡር እሳፈራለሁ። አንደበቱ ድንጋይ ያለዝባል ይሉኛል፤ እኔም አምኜ ኖሬአለሁ።

ባለፈው የጸደይ ወራት ወይዘሮ ጽጌ ልጇን ልትድር መሆኑን ነገረችኝ። ጽጌ በዙሪክ ቤተ ክርስቲያናችን ስታገለግል የኖረች፣ ባሏን በጊዜ ቀብራ አንድ ልጇን ዮናስን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ዮናስ የወደዳት ማህሌት የምትባል ልጅ ጄኔቭ ተወልዳ ያደገች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት። ወላጆቿ የሚኖሩት ጄኔቭ ዳር ቬርኒየ፣ ለ ሊኞን በሚባለው፣ ሮን ወንዝ ዳር በተሠራው ረጅም የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ነው። ልጆቹ በራሳቸው ተስማምተዋል፤ የቀረው ወግ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እንድሄድ ተወሰነ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጽጌ እቤቴ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። የማህሌት አባት አቶ ደምሴ ኩላሊታቸውን ታመው ለእጥበት ሆስፒታል እንደሚመላለሱ አስቀድመን እናውቅ ነበር። አዲስ የሰማችው የበሽታውን ምክንያት ነው። ሰውየው በወጣትነታቸው ኩዌት ውስጥ በጦርነት የተቃጠሉ ታንኮችን እየቆረጡ ይሠሩ ነበር አሉ። ታንኮቹ የተመቱት ደግሞ የተሟጠጠ ዩራኒየም በሚሉት ከባድ ብረት በተሠራ ጥይት ነው፤ ጥይቱ ብረት በስቶ ሲገባ እየነደደ አመድ ይሆናል። ሰውየው ያንን አመድ ተንፍሰዋል። እና አሁን ሰኞ ዕለት ጄኔቭ ውስጥ አንድ ማኅበር በጠራው ስብሰባ ላይ ቆመው ሊናገሩ ነው።

"ኢንተርኔት ላይ አካላቸው ጎድሎ የተወለዱ ልጆች ፎቶ አየሁ፣ ጋሽ በላይ" አለች ጽጌ። "ከእንደዚህ ያለ አባት የምትወለድ ልጅ ምን ትወልዳለች? ነገሩ ውሸት ከሆነ ውሸት ነው ይበሉ። እውነት ከሆነ ይቅርብን።"

እኔ ስለ ዩራኒየም የማውቀው ነገር አልነበረም። የሚያሳምም ነው የሚሉ ሐኪሞች እንዳሉ፣ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም የሚሉም እንዳሉ በወሬ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ለጽጌም የነገርኳት ይህንኑ ነው። እሷ ግን ማስረጃ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሰውየው በአደባባይ እንዳይናገሩ ነበር። ከተናገሩ የማህሌት ስም ከዚያ ነገር ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ለልጅ ልጆቼም ይተርፋል አለች። ዮናስ እንዳይሰማ አደራ አለችኝ። እኔም "ለእኔ ተይው" አልኳት። ይህን ቃል ስንቴ እንደተናገርኩት እግዜር ይወቀው፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሦስታችን ለ ሊኞን ደረስን። ሕንፃው መጨረሻው አይታይም፤ በር እየቆጠርን ስንሄድ አንደኛው ጓደኛችን "እዚህ ሰፈር ሙሽራ ፈልጎ ለማግኘት ራሱን የቻለ ሽማግሌ ያስፈልጋል" ብሎ አሳቀን። ላይኛው ፎቅ ላይ በሩን የከፈቱልን ራሳቸው አቶ ደምሴ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። የግራ ክንዳቸው ላይ ለእጥበቱ የተዘጋጀው ደም ሥር አብጦ ይታያል፤ ለእኛ ብለው እጅጌውን ወደታች ሳቡት።

እንደ ወጉ ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ቃላችንን ተናገርን። እሳቸውም እንደ ወጉ እስኪ ዘር እንቁጠር አሉና ከሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ የሚያጋባ እንጂ የሚያገናኝ ዘር አልተገኘም። ሚስታቸው ወይዘሮ አስናቀች ከጓዳ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው በዚህ ጊዜ ዐይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ነገሩ በዚያው ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖረኝም ነበር።

ሌሎቹ ምግብ ሲቀርብላቸው እኔ አቶ ደምሴን ለአንድ ጉዳይ እፈልግዎታለሁ ብዬ ወደ በረንዳው ወሰድኳቸው። ከታች ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ይጠማዘዛል። ስለ ሰኞው ስብሰባ ጠየቅኳቸው። አልደበቁኝም፤ እንዲያውም የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ያላቸው መሰሉ።

"ዩራኒየም ነው ያሳመመኝ ብዬ አልናገርም" አሉኝ። "አንዱ ሐኪም ሊሆን ይችላል ይለኛል፣ ሌላው ይህንን ማረጋገጥ አይቻልም ይለኛል። እኔ በያጅ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው የማውቀውን ብቻ ነው። ምን እንደምንቆርጥ የነገረን ሰው አልነበረም። አብሮኝ የሚሠራ ዓለሙ የሚባል የጎንደር ልጅ ነበር፤ እዚያው ሞቶ እዚያው ቀረ። የእሱን ስም የሚጠራ ሰው የለም። ጋሽ በላይ፣ ፀሐዩ ሌላ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ..."

እዚህ ላይ አቋረጥኳቸው።

አስቡት፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ሰምቶ መፍረድ ሥራዬ ነው፣ ግን ዓረፍተ ነገራቸውን አላስጨረስኳቸውም። የጽጌን ቃል አለዝቤ ነገርኳቸው። ስለ ልጅዎ ደስታ ያስቡ አልኳቸው። እርስዎ ራስዎ እርግጠኛ ካልሆኑ ለምን የልጅዎን ትዳር ለማይረጋገጥ ነገር ያስይዛሉ አልኳቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን፣ አልኳቸው። እሳቸው ወንዙን ያያሉ። ልባቸው እንዳልተሸነፈ ሳውቅ የመጨረሻዬን አደረግሁ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ወደ ታች ዝቅ አልኩ።

ይህን የሚያነብ ወጣት ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ ሽበት ያለው ሰው እግር ላይ ሲወድቅ እምቢ የሚል የለም። እንኳን እምቢ ሊል፣ መሬት ሳይነካ ተሽቀዳድሞ ያነሳዋል። አቶ ደምሴም በዚያ በታመመ ክንዳቸው ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ደም ሥራቸው ከእጄ በታች ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

"ይነሱ፣ ጋሼ። እሺ ብያለሁ" አሉ። ቀጥለውም ረጋ ብለው "ሰኞ ግን መቅረት አልችልም፤ ጠርተውኛል፣ ማህሌትም ልታስተረጉምልኝ ፈቃድ ወስዳለች። እርስዎ አብረውኝ ይምጡና አጠገቤ ይቀመጡ። አፌ ካመለጠኝ እርስዎን ሳይ ይያዝልኛል" አሉኝ።

ይህን ሲሉ ዐይኔን አላዩኝም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለቱን ጓደኞቼን በባቡር ሸኝቼ፣ ቬርኒየ ዘመዶቼ ቤት አድሬ፣ እሑድን በደስታ ዋልኩ። ለጽጌም ስልክ ደውዬ ተሳካ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ማህሌት አባቷን ደግፋ ወደ ስብሰባው አዳራሽ መጣች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ የሚተረጎመውን ነገር እየተለማመደች ነበር መሰለኝ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔን ስታይ ደስ አላት። አባቷን ለማክበር የመጣሁ መስሏት ጉንጬን ሳመችኝና "ጋሽ በላይ፣ ሜርሲ፣ ለፓፓ ስለመጡ" አለችኝ። ያ መሳም እስከ ዛሬ ጉንጬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አዳራሹ ትልቅ አልነበረም። ሁሉም ፊት ማይክሮፎን፣ ሁሉም ወንበር ላይ ማዳመጫ አለ። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ማዳመጫዬን ወደ እንግሊዝኛ አዙሬ የቻልኩትን ያህል ተከታተልኩ። መጀመሪያ የተናገሩት ነጭ ፂም ያላቸው ባለሙያ ናቸው። በጨዋ አንደበት፣ በአመዱ ውስጥ የሚገኘው የዩራኒየም መጠን አነስተኛ ነው፣ ወታደሮች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ግልጽ የሆነ ጉዳት አልታየም አሉ። ቀጥለው የተናገሩት ሴት ሐኪም አልተቆጡም፤ ወታደሮቹን እኮ ተከታትለናል፣ ታንኩን የቆረጡትን ድሆች ግን ማን ፈለጋቸው፣ ያልፈለጉትን ሰው አላገኘንም ማለት ማስረጃ ነው ወይ አሉ። ክርክሩ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። ሁለቱም የሚናገሩት አጠገቤ ስለተቀመጡት ሰው ነበር።

ሰብሳቢዋ አቶ ደምሴን ጠሩ። ማህሌት ማይክሮፎኑን አበራችና ወደ አባቷ ዞረች። አቶ ደምሴ ተነሱ። መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ ግን ተነሱ።

"ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ" አሉ። "ዛሬ የምናገረው የለኝም።"

ማህሌት የመጀመሪያውን ተረጎመችና ቆመች። "ፓፓ፣ ምንድን ነው የምትለው?" አለች በሹክሹክታ፤ ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማት። ሰብሳቢዋ ሰውየው ድንገት ታመው እንደሆነ ጠየቁ። ውኃ መጣላቸው። አቶ ደምሴ ውኃውን አልነኩም።

"ደህና ነኝ" አሉ። "ሽማግሌ ለምኖኛል። እኔ ሽማግሌ አላሳፍርም።"

እና አዩኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ በረንዳው ላይ እንዳሉኝ፣ እኔን አይተው አፋቸውን ሊይዙ ነው። ማህሌት ዐይናቸውን ተከትላ እኔ ላይ ደረሰች። ጫማዬን አየሁ። ለሽምግልናው የወለወልኩት ጫማ ነው፤ ያብረቀርቃል።

"ምን ብለው ነው የለመኑህ?" አለች።

"ለሠርግሽ ነው፣ ልጄ።"

 ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰችና ተረጎመች። የአባቷን ቃል ብቻ ይሁን የራሷን ጨምራ አላውቅም። ማዳመጫውን አውልቄ ነበር፤ በየትኛውም ቋንቋ ልሰማው አልፈለግሁም። ሆኖም ከፈረንሳይኛው መካከል "ዙሪክ" ሲባል ሰማሁ፣ "ማርያዥ" ሲባልም ሰማሁ። ማርያዥ ጋብቻ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የሰው ፊት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር፤ መሬት ግን ለሰው ስትል አትከፈትም።

ለዕረፍት ስንወጣ ባለ ነጭ ፂሙ ባለሙያ ወደ እኔ መጡ። ከዙሪክ መምጣቴን ሰምተው ነው መሰለኝ በጀርመንኛ አናገሩኝ። ያሸነፉ ሰው አይመስሉም ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሜዬን ሠርቻለሁ፣ ታንኩን በእጁ ከቆረጠ ሰው ጋር ግን ተነጋግሬ አላውቅም፣ ልሰማቸው እፈልግ ነበር አሉኝና እጄን ጨብጠው ሄዱ። ይከራከራቸዋል የተባለው ሰው ሊሰማቸው ፈልጎ ነበር። ያልፈለግሁት እኔ ነኝ፤ የአገራቸው ሰው፣ እንጀራቸውን ልበላ የገባሁት።

ማህሌት ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። እዚህ አገር እንደተወለዱ ልጆች ሁሉ አማርኛዋ ቀላል ነው፤ የምታውቀውን ቃል ብቻ ስለምትጠቀም ነው መሰለኝ የምትናገረው ሁሉ ይወጋል።

"እኔን ለመጠየቅ ነው የመጣችሁት፣ ኔስፓ፣ አይደል? እኔን ማን ጠየቀኝ? ፓፓ ይህን ቀን ስንት ጊዜ ጠብቆ እንደነበር ያውቃሉ?"

ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ነበረብኝ። አንደበቱ ድንጋይ ያለዝባል የተባልኩት ሰውዬ አንድ ቃል አጣሁ። እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ አባቷ ለእጥበት ሰዓታቸው ደርሶ ስለነበር ታክሲ ልታቆም ወጣች።

ዙሪክ ስመለስ ጽጌ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፣ አመሰገነችኝ። እጆቿን ከትከሻዬ ላይ ለማውረድ ሰበብ ፈለግሁ። በነጋታው ዮናስ ኦርሊኮን እቤቴ መጣ። በር ላይ ቆሞ ግባ ብለው እምቢ አለ። "በእኔ ስም ነው የሄዱት፣ ጋሽ በላይ" አለኝ፤ "በእኔ ስም" ብሎ ደገመውና ሄደ። ከእናቱ ጋር ብዙ ተጣላ። እሱና ማህሌት ግን አልተለያዩም። በበጋው ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ፤ ሽማግሌም አልተላከ፣ እኔም አልተጠራሁ። ጽጌ ግን ፊርማው ላይ ተገኝታለች። አሁን ማህሌት ነፍሰ ጡር ናት፤ ጽጌ በስልክ ስለ እሷ ስትጨነቅ ስሰማት ስለ ዩራኒየም አንድም ቃል አታነሳም፤ በደንብ ትበላለች ወይ የሚለው ብቻ ነው የሚያስጨንቃት።

እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሽማግሌ ያሰረውን ቃል የሚፈታው ያው ሽማግሌ ነው። አቶ ደምሴ በዚያ ሰኞ ዕለት ብቻ ሳይሆን ከዚያም በኋላ ማኅበሩ ሲጠይቃቸው አልተናገሩም። እኔ አልፈታኋቸውማ። ይህንን የነገሩኝ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው፤ በስልክ፣ ያለ ቁጣ። በመከር ወራት ብቻዬን፣ ያለ ነጠላዬ፣ ባቡር ተሳፍሬ ለ ሊኞን ሄድኩ።

አቶ ደምሴ አልጋ ላይ ነበሩ። ድምፃቸው ደክሟል። ቃልዎን መለስኩልዎ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ እኔንም ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። 

"ይቅር ብያለሁ" አሉ። "ቃሌንም መለሱልኝ። ሰኞን ማን ይመልስልኝ?"

 አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። በረንዳ ላይ ሲጀምሩልኝ ያቋረጥኳቸውን እንዲጨርሱልኝ ለመንኳቸው። ሳቅ አሉ፤ "አሁንማ ጊዜ አለኝ" አሉና ነገሩኝ። ለሰው ልንገር ወይ ስላቸው ይንገሩ አሉኝ፤ ስሜን ባይደብቁም ግድ የለኝም አሉ።

እናንተ የምታነቡ ሆይ፣ ዩራኒየሙ ያሳምማል ወይስ አያሳምምም የሚለውን ክርክር እኔ አልፈርድም፤ አላውቅም፣ የሚያውቁት ይነጋገሩበት። እኔ ከሰውየው የነጠቅሁት መልሱን አልነበረም፤ እሱን እሳቸውም አልያዙትም። የነጠቅሁት ተራቸውን ነው። ያውም ለማስታረቅ በተሰጠኝ ክብር፣ እግር ላይ ሲወድቅ ማንም እምቢ ሊለው የማይችል ሽበት ይዤ። ዝም አይነቅዝም ብያቸው ነበር። እኔ ያሸከምኳቸው ዝምታ ነቅዟል፤ በየቀኑ እየሸተተኝ እኖራለሁ። ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ስጠራ አልሄድም። ከሄድኩም የምሰማው እንጂ የምናገረው የለኝም። ዛሬ ግን ልናገር፤ ቃሉ የእኔ አይደለም። አቶ ደምሴ ያን ሰኞ ሊሉት የነበረው ይህ ነው፦

"ደምሴ እባላለሁ። በያጅ ነበርኩ። በበረሃ ውስጥ የተቃጠሉ ታንኮችን በእሳት እየቆረጥን ብረቱን ለገበያ እንለይ ነበር። ብናኙ ጥቁር ነው፤ በሻሽ አፋችንን እንሸፍናለን፣ ሻሹን መልሰን ላባችንን እንጠርግበታለን። አብሮኝ ዓለሙ የሚባል የጎንደር ልጅ ነበር። ታሞ ሞተ፤ በምን እንደሞተ አላውቅም። እኔም በምን እንደታመምኩ አላውቅም። እንድታውቁልኝ ነው የመጣሁት። በዚያ በረሃ ዛፍ የለም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዓለሙና እኔ ጥላ ፍለጋ ታንኩ ውስጥ እንገባለን። ዳቧችንንም እዚያው ቁጭ ብለን እንበላ ነበር። ከእጃችን የሚነጥቀን ሰው አልነበረም።"